«እናቶች ቤት ይቀመጡ» የሚሉን እስከ መቼ ነው?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ቅዳሜ እዚህ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ ኮሙኒቲ ስብሰባ ላይ አንዱ ተነስቶ «ወንጀል በዝቷል፣ በዕድሜ የገፉ እናቶችና አባቶች ቤት ይቀመጡ» አለ። ተጨበጨበለት። እኔ ግን ደሜ ፈላ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ገበያ እንኳን ብቻዬን አልወጣም ብላለች። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ከ1973 ጀምሮ ሰዉን ራሱን «ወንጀል ደርሶብሃል ወይ?» ብሎ እየጠየቀ ያጠናል። በድብደባና በዝርፊያ በብዛት የሚጠቃው ወጣቱ ነው። ከ65 በላይ ያሉት ከሁሉም ያነሱ ናቸው።

የሌሊት ሹፌር፦ እህቴ፣ የማይጠቁት ስለማይወጡ ነዋ! እኔ ዲሲ ውስጥ ነው የምነዳው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት መጠጥ ቤት በሞላበት ዩ ስትሪት ላይ ማን አለ? ወጣት ብቻ። ቤት ያለ ሰው አይዘረፍም።

ነርሷ፦ «ቤት ያለ ሰው አይዘረፍም» ነው ያልከው? ጎረቤቴ ያሉ እናት ስልክ ተደወለላቸው። «የልጅ ልጅዎ መኪና ገጭቶ ታስሯል፣ ለማንም እንዳይናገሩ» ተባሉ። የስጦታ ካርድ ገዙ። ሶፋቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ ጀርባውን በሳንቲም ፍቀው፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበቡለት፤ ቁጥሩን ያገኘ ደግሞ ገንዘቡን ወሰደ ማለት ነው። ከ60 በላይ የሆኑ ሰዎች በ2023 ብቻ በልዩ ልዩ ማጭበርበር ተዘረፍን ብለው ለኤፍቢአይ ያመለከቱት 3.4 ቢሊዮን ዶላር ነው።

የሌሊት ሹፌር፦ እሱ ማጭበርበር ነው። እኔ የማወራው ስለ ሽጉጥ ነው።

ነርሷ፦ «አይዘረፍም» ነው ያልከው። ስለ ሽጉጥ አላልክም።

ታዛቢ፦ የሲልቨር ስፕሪንጓ፣ «ከሁሉም ያነሱ» ያልሽውም ይታረም። ጥናቱ ከ12 ዓመት በታች ያሉትን አይጠይቅም። ጎዳና ላይ የሚያድረውንም አያገኝም። ደግሞ ወጣት ቢገፈተር አቧራውን አራግፎ ይሄዳል። 75 ዓመት የሞላው ሰው ዳሌው ከተሰበረ ግን አልጋ ላይ ሊቀር ይችላል። እናትሽ ያለምክንያት አልፈሩም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ መጠንቀቅ ሌላ፣ መታሰር ሌላ።

የሌሊት ሹፌር፦ ይህን ያህል ካሰብሽላቸው ገበያ አንቺ አታደርሻቸውም?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ በሁለት ሺፍት መሃል? አንተስ እናትህን መጨረሻ ያደረስካቸው መቼ ነው?

የሌሊት ሹፌር፦ እናቴን አታንሺ!

ታዛቢ፦ ኧረ ተዉ እባካችሁ። ስለ ወጣቱ እናውራ።

የሌሊት ሹፌር፦ እሺ። የአክስቴ ልጅ 19 ዓመቱ ነው። ከሥራ ሲወጣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ስልኩን ነጠቁት፣ ከንፈሩን ፈነከቱት። ፖሊስ ጋ አልሄደም፤ ለእናቱም አልነገረም። ስብሰባ ላይ ስለ እሱ ያነሳ ሰው የለም።

ነርሷ፦ ታዲያ እሱንም ቤት ተቀመጥ አልከው?

የሌሊት ሹፌር፦ እንዴት እለዋለሁ? ሥራ አለበት።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ እናቶችም ጉዳይ አለባቸው።