አዳማ ላይ እንጀራ በሦስተኛው ቀን ይሻግትብኛል፤ እናንተ እንዴት ነው የምትችሉት?

ብርዱ ናፈቀኝ፦

ሰላም ለቤቱ። ከደብረ ብርሃን ወደ አዳማ ከመጣን አሥራ አንድ ወር ሆነን። ባለቤቴ በሥራ ተዛውሮ ነው። ሁለት ልጆች አሉን፤ ትልቁ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ገና ዳዴ እያለች ነው። የምንኖረው ፍራንኮ አካባቢ ነው። ጣሪያችን ቆርቆሮ፣ ኮርኒሳችን ማዳበሪያ። ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ቤቱ ራሱ ምጣድ ይሆናል፤ የጎደለው አክንባሎ ብቻ ነው።

ሙቀቱን እንደምንም ለመድኩት። ያልለመድኩት የእንጀራውን ነገር ነው። ደብረ ብርሃን እያለሁ እሁድ የጋገርኩትን እስከ ዓርብ እንበላ ነበር። እዚህ እሁድ ጋግሬ ረቡዕ ጠዋት መሶቡን ስከፍት ከላይ ያለው ደህና ነው። ገለጥ ገለጥ ሳደርግ ከሥር ሦስተኛው ላይ አረንጓዴ ነጥብ ቁጭ ብላለች። ጤፍ በዚህ ዋጋ! ባለፈው ሳምንት ዘጠኝ እንጀራ ለጎረቤት ዶሮዎች ሰጠሁ። አሁን ገና በሩን ስከፍት እየሮጡ ይመጣሉ።

ሊጡም አልገራ ብሎኛል። እዚያ ሦስት ቀን አቆይቼ ነበር አብሲት የምጥለው። እዚህ በሁለተኛው ቀን ክዳኑን ገፍቶ ወለሉ ላይ ይፈሳል። ከመኮምጠጡ የተነሳ ልጄ «እማ፣ እንጀራው ላይ ሎሚ ጨመርሽበት?» አለኝ።

ሌላም ጥያቄ አለኝ፣ ቀለል ያለ። እዚህ ከተማ ቤታችሁን ደስ የሚያሰኝ ትንሽ ነገር ምንድን ነው? ገንዘብ የማያስወጣ ቢሆን ይመረጣል። እኔ እስካሁን ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው። ማታ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ንፋሱ ሲነሳ በርጩማዬን ደጅ አውጥቼ እግሬን ሳፋ ውሃ ውስጥ እነክራለሁ። ባለቤቴ «ሰው ያይሻል» ይለኛል። ይየኝ።

ሽሮ በቅቤ፦

ፍሪጅ የለሽም እንዴ? እኔ ሲበርድ በፌስታል ጠቅልዬ ፍሪጅ ነው የማስገባው። ሳምንት ይቆይልኛል።

ብርዱ ናፈቀኝ፦

አለኝ። ግን እንጀራው ድርቅ ይልና ስጠቀልለው ይሰነጠቃል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፌስታሉ ውስጥ ያልበዋል። ከሁለት ያጣሁ ሆንኩ።

ሽሮ በቅቤ፦

እሱስ ልክ ነሽ። ፍሪጅ ከሻጋታ ያድናል እንጂ ልስላሴውን ይወስደዋል። እንግዲያው ከላይ ያለውን ፍሪዘሩን ሞክሪ። አራት ላይ አጣጥፊና አንድ አንዱን ለየብቻ ጠቅልዪው፤ አለበለዚያ ተጣብቆ አልላቀቅ ይልሻል። ስታወጪው የሚፈላ ድስት አፍ ላይ ወንፊት አድርገሽ፣ እሱ ላይ አስቀምጠሽ ትንሽ በእንፋሎት ምቺው። የልጆቹን ምሳ ዕቃ የምሞላው እንደዚያ ነው። መብራት ብዙ የሚጠፋበት ሳምንት ግን አትመኚበት።

የቤዛ አያት፦

(የምጽፈው ቤዛ ነኝ። አያቴ እየነገረችኝ ነው። ቀስ በዪ ብላት አልሰማ ብላኛለች።)

ልጄ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። እኔ አዳማ ስመጣ ሁሉም ሰው ናዝሬት ነበር የሚላት። ከተማዋም ሙቀቷም ያው ናት።

ፍሪጁን ለጊዜው ተይው። ከሥር ሦስተኛው ላይ ነው ያልሽው አይደል? አየሽ፣ ላቡ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። አንቺ እንጀራውን በትኩሱ ነው የምትደርቢው። ደብረ ብርሃን ብርዱ ያቀዘቅዝልሽ ነበር፤ እዚህ የሚያቀዝቅዝልሽ የለም። ከምጣዱ በሰፌድ ስታወጪው ሰሌን ላይ ንፁህ ጨርቅ አንጥፈሽ ለየብቻ አስተኚው። የእጅሽን ጀርባ አስጠግተሽ ሞክሪው። ለብ ካለሽ ገና ነው። ቀዝቀዝ ሲልሽ ያኔ ደርቢ። ግን ረስተሽው እንዳትሄጂ፤ የአዳማ ንፋስ ጠርዙን ያደርቅብሻል። ስስ ነጠላ ጣል አድርጊበት።

መሶቡንስ መቼ ነው ፀሐይ ያሳየሽው? በአሮጌው እንጀራ ላይ አዲስ ከደረብሽ፣ ሻጋታውን በእጅሽ ዘራሽው ማለት ነው። መሶቡ ባዶ ሲሆን ፍርፋሪውን አራግፊና አፉን ወደ ፀሐይ አድርገሽ ሙሉ ቀን አውዪው። ጨርቁን በፈላ ውሃ እጠቢው። እርጥብ እጅ መሶብ ውስጥ አይገባም፤ ለልጆቹም ንገሪያቸው።

ሊጡን በተመለከተ፣ እርሾውን በግማሽ ቀንሺ። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን። ቅዳሜ ማታ ካቦካሽ ሰኞ ጠዋት ከላይ የጠለለውን ውሃ ድፊና አብሲት ጣዪ። መኮምጠጡ ከዚያ ውሃ ነው። ረፋድ ላይ ኩፍ ይላል። ባልዲሽን ከምድጃ አጠገብ አርቂና ሲሚንቶው ወለል ላይ አስቀምጪው። ደግሞ በሳምንት አንዴ መጋገር የደጋ ሰው ልማድ ነው። እዚህ ግማሽ ግማሹን ሁለት ጊዜ ጋግሪ።

የተረፈውን በሁለተኛው ቀን፣ ሳይሻግት፣ ቆራርሰሽ ሰፌድ ላይ አስጢው። በዚህ ፀሐይ በአንድ ቀን ድርቆሽ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ይሄን ታገኚ ነበር? የሻገተውን ግን ለዶሮም አትስጪ።

ደስታ ስላልሽው፦ የሸክላ እንስራ ግዢ። ድስትና ምጣድ ይሟሻል፤ የውሃ እንስራ ግን አይሟሽም፣ ቅባት አታስነኪው። ሸክላው ውሃውን ቀስ እያለ ወደ ውጭ ማሳለፍ አለበት፤ ከውጭ ያለበውን ንፋሱ ሲያደርቀው የውስጡ ይቀዘቅዛል። በግራዋ እጠቢውና ደፍተሽ በወይራ አጥኚው። ጥላ ያለበት፣ ግን ንፋስ የሚያልፍበት ቦታ አኑሪው። ኩሽና ውስጥ ከደበቅሽው ሥራ የለውም። እርጥብ ጆንያ ብታለብሺውማ ሌላ ነው። ክዳን አይርሳሽ፣ ትንኝ እንዳይፈለፈልበት።

(ቤዛ ነኝ። ፍሪጃችን ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልቷል፤ እሷ ግን ከእንስራው ካልሆነ አትጠጣም። እውነት ለመናገር እኔም።)

የወንጂ ልጅ፦

እንስራው ላይ እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። የምትሞዪው የቧንቧ ውሃ ይሁን፤ የጉድጓድ ከሆነ መጀመሪያ ጠይቂ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ብዙው የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የእኔን ጥርስ ብታይ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግሽም። ልጅ እያለሁ እናቴ እያፈላች ታጠጣን ነበር። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያወጣም። ውሃው ይተናል፣ እሱ እዚያው ይቀራል። ቋሚ ጥርሳቸው ገና ወጥቶ ያላለቀ ልጆች ስላሉሽ ነው የምለው።

እናቴ ሻጋታውን ቆርሳ ጥላ ከቀረው ፍርፍር ትሠራ ነበር። ያንን እንኳን አሁን አልመክርም። ከላይ የምትታየው ነጥብ ሥሯ ወደ ውስጥ ነው።

ባለባጃጁ፦

እህቴ፣ ስለ ሊጥ የማውቀው መብላቱን ነው። ስለ ቆርቆሮ ቤት ግን አማክሪኝ፣ አሥራ አራት ዓመት ኖሬበታለሁ።

መስኮትሽን ቀን ከፍተሽ ትውያለሽ ብዬ እገምታለሁ። ስህተቱ እሱ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ዝጊው። ማታ አንድ ሰዓት ላይ የፊቱንና የኋላውን አብረሽ ክፈቺ። መጋረጃ ደግሞ ከውስጥ ብቻ ዋጋ የለውም፤ ሙቀቱ መስታወቱን አልፎ ገብቷል። እኔ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ከውጭ በኩል አሮጌ ሰሌን ሰቀልኩ። ሚስቴ «ግቢውን የጠላ ቤት አስመሰልከው» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈች። በሦስተኛው ቀን እዚያው መስኮት ሥር ተኝታ አገኘኋት።

ለልጅሽ ደግሞ ሥራ ልስጠው። ኮረብታው ላይ ያሉትን የንፋስ ተርባይኖች ይቁጠር። የመጀመሪያዎቹ 34 ናቸው፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቁት 102። ድምሩን ለራሱ ተዪለት። ከአንድ ቦታ ሆኖ ሁሉንም ማየት አይቻልም፤ ጥሩነቱም እሱ ነው፣ ቶሎ አያልቅም። የእኔ ልጅ ባጃጅ ውስጥ በተቀመጠ ቁጥር እንደ አዲስ ይጀምራል፣ ያው ዝም ይልልኛል።

እና ሸንኮራ። ማታ ስገባ አንድ አገዳ ይዤ እገባለሁ። ደጅ ላይ ቁጭ ብለን እንልጣለን፣ እናኝካለን። ቤት ውስጥ ግን አይገባም፤ ጉንዳን ይጠራል።

ብርዱ ናፈቀኝ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ሳምንት ሞክሬ ነው የተመለስኩት።

እማማ፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። መሶቡን ፀሐይ ላይ ስገለብጠው ከታችኛው ስፌት ውስጥ ምን እንደወጣ ለሰው አልናገርም። አሁን ሰኞና ሐሙስ እጋግራለሁ። እንጀራው ላይ በእጄ ጀርባ ስዳብስ ልጄ አይቶኝ «ትኩሳት አለው?» አለ። ባለፈው የሰኞው እስከ ሐሙስ ጠዋት ንፁህ ነበር። የተረፈውን አራቱን ድርቆሽ አደረግኩት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አስጥቼው አሥር ሰዓት ላይ እጄ ውስጥ ይሰበር ነበር። ዶሮዎቹ አሁንም በሩ ላይ እየቆሙ ያዩኛል፤ ምን ላድርጋቸው?

ሊጡ ላይ አንዴ ተሳስቻለሁ። እርሾውን ከግማሽም አሳንሼ ዓይን አልባ ሆኖ ወጣ፣ ቂጣ በሉት። በሁለተኛው ተስተካከለ።

ሽሮ በቅቤ፣ የአንቺንም ይዤዋለሁ። ለምሳ ዕቃ ስድስት እንጀራ ፍሪዘር ውስጥ አለኝ። መብራቱ እስካሁን አላሳፈረኝም።

እንስራውን ገዛሁ። ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ ይዤው ስመጣ ሰው ሁሉ «ቀስ!» ይለኝ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ምንም አልቀዘቀዘም፣ ተናደድኩ። በማግስቱ ሆዱ ላይ ጤዛ የመሰለ ነገር ያዘ፣ በጣቴ ስነካው ቅዝቅዝ አለኝ። የወይራው ሽታ ከውሃው ጋር አብሮ ይመጣል። ትንሿ ልጄ መጠጣቱን ትታ እንስራው ላይ ጉንጯን ለጥፋ ትቀመጣለች። የወንጂው ወንድሜ፣ የቧንቧ ነው፣ ሐሳብ አይግባህ።

ወንድሜ ባለባጃጁ፣ ሰሌኑን ሰቅለናል። ልጁ እስካሁን 41 ቆጥሯል፣ ሁለቱን ደግሞ የደገማቸው ይመስለኛል።

ትናንት ማታ ባለቤቴ ከሥራ መጣ። ጫማውን አወለቀ። ግራ ቀኝ አየና በርጩማ አምጥቶ እግሩን ሳፋዬ ውስጥ ነከረ። ለሁለት ጠበበን። ሰፋ ያለ ሳፋ በደህና ዋጋ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ አለ?