ማነሪዝምና ባሮክን በምን ልለያቸው?

ሥዕል የምታውቁ እባካችሁ ተባበሩኝ። ለፈተና የምዕራቡን ዓለም የሥዕል ታሪክ እያነበብኩ ነው። ሥዕል ያሳዩንና «ስልቱ ምንድን ነው?» ይሉናል።

ሬነሳንስ ብዙም አያስቸግረኝም። በዳ ቪንቺ «የመጨረሻው እራት» (1495–1498 እ.ኤ.አ.) ጠረጴዛው ፊት ለፊት ተዘርግቷል፤ መስመሮቹ በሙሉ ክርስቶስ ራስ ጋ ይገናኛሉ። ኢምፕሬሽኒዝምም ቀላል ነው፣ የብሩሹ ዱካ በግልጽ ይታያል። ጣጣው መሃል ያሉት፣ ከሬነሳንስ በኋላ ተከታትለው የመጡት ማነሪዝምና ባሮክ የሚባሉት ስልቶች ናቸው።

ጣሊያናዊው ሠዓሊ ቲንቶሬቶ ያንኑ እራት ከ1592 እስከ 1594 ቬኒስ ውስጥ ላለ ቤተ ክርስቲያን ሥሎታል። ጠረጴዛው በሰያፍ ወደ ውስጥ ይሮጣል። ክፍሉ ጨለማ ነው። ከላይ የተሰቀለው ፋኖስ ይጨሳል፤ መላእክቱም ከጭሱ የተሠሩ ይመስላሉ። ከፊት አንዲት ድመት ቅርጫት ውስጥ አጮልቃ ታያለች (እውነቱን ለመናገር ከሐዋርያቱ ይልቅ ዓይኔ እሷ ላይ ነው የሚሄደው)። ጨለማና ብርሃን፣ ሰያፍ፣ ግርግር። በቃ፣ ለእኔ ይሄ ባሮክ ነው! ብዙ መጻሕፍት ግን ማነሪዝም ውስጥ ይከቱታል።

«ረጅም አንገት ካየሽ ማነሪዝም ነው» ይሉኛል። ሠዓሊው ፓርሚጃኒኖ ለሣላት ባለረጅም አንገት ማርያም ይሠራል። እዚህ ግን የታለ ረጅም አንገት? ካራቫጆ በ1601 የሣለው «የኤማሁስ እራት»ም ጨለማና ብርሃን ነው፤ እሱ ግን ያለ ክርክር ባሮክ ይባላል።

ታዲያ ምኑን ልይ? ብርሃኑ የሚመጣበትን? የሰዎቹን አካል? ዓመቱን ሸምድጂ ብቻ አትበሉኝ፣ ፈተናው ላይ አይጻፍም። ጎን ለጎን አድርጌ የማያቸው ሥዕሎች ካሉም ጠቁሙኝ።