ትርጉም መጻሕፍቱ መዝገብ ላይ የሉም እንዴ?

አንባቢት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ወደ አማርኛ የተተረጎሙ ልቦለዶችን እየለቀምኩ ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች 9 ትርጉም ገዛሁና አንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ላይ ፈለግኳቸው። ያገኘሁት 3 ብቻ! አንዱ ደግሞ የተርጓሚው ወጥ ሥራ ተደርጎ ነው የተመዘገበው፤ መጽሐፉ እጄ ላይ ነው፣ ሽፋኑ ላይ «ትርጉም» ይላል፣ በትንሽ ፊደልም ቢሆን ይላል። በዓለም ዙሪያ የተተረጎሙ መጻሕፍት የተመዘገቡበት የዩኔስኮው ዝርዝር፣ ኢንዴክስ ትራንስላሽነምማ ይብሳል። አፈላለግ አላውቅበት ይሆን?

ደብተር ያዡ፦
ግማሹ ጥፋት የራሱ የመጽሐፉ ነው። እስቲ የውስጥ ገጹን ግለጪው። ተርጓሚው እንደ ደራሲ ጎላ ብሎ፣ ዋናው ደራሲ ደቀቅ ብሎ፣ የዋናው መጽሐፍ ርዕስ ጭራሽ የለም። መዝጋቢው ከየት ያምጣው? ርዕስም ይቀየራል። ነቢይ መኮንን እስር ቤት ሆኖ ሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመው የማርጋሬት ሚቸል ልቦለድ በአማርኛ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ነው የሚባለው፤ ይሄ የመጽሐፉ መዝጊያ ዓረፍተ ነገር እንጂ ርዕሱ አይደለም፣ በእንግሊዝኛው ርዕስ (Gone with the Wind) ስትፈልጊው ብትውዪ አታገኚውም። በተርጓሚ ስም ሞክሪ። ጸ እና ፀ፣ ሀ እና ሐ ለኮምፒዩተር የተለያዩ መሆናቸውንም አትርሺ።

የለገሃሩ፦
አዋጅ ቁጥር 179/1991 አሳታሚ ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ቅጂ እንዲያስገባ ያዛል። ግን ስንቱ ነው በራሱ ገንዘብ አሳትሞ፣ የማተሚያ ቤት ዕዳ አንገቱ ላይ ታስሮ፣ መጽሐፉን በፌስታል ይዞ የሚዞረው? እኔም ድሮ አንድ ትንሽ ትርጉም አሳትሜ ቅጂውን ያስገባሁት ከ2 ዓመት በኋላ ነው፣ ያውም ሰው አስታውሶኝ። በደርግ ጊዜ ሞስኮ ላይ ፕሮግረስ የተባለው አሳታሚ ያሳተማቸው የአማርኛ ትርጉሞችም አሉ። እነሱ እዚህ ማተሚያ ቤት ደጃፍ አልደረሱም።

ስድስት ኪሎ፦
ስለ ኢንዴክሱ፣ እ.ኤ.አ. በ1932 ነው የተጀመረው። ዩኔስኮ ራሱ መጽሐፍ አይለቅምም ነበር፤ አገሮች የላኩለትን ነበር የሚመዘግበው። እዚህ ያልተመዘገበ እዚያ አይደርስም ነበር። ኦንላይን የወጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1979 ወዲህ ያለው ነው፣ ስለዚህ የከበደ ሚካኤልን የሼክስፒር ትርጉም የመጀመሪያ ኅትመት እዚያ አትፈልጊ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ጎራ በይ እህቴ።

አንባቢት፦
በተርጓሚ ስም ፈልጌ 2 ተጨማሪ ወጡ! አንዱ «ፀ» የነበረው በ«ጸ» ተጽፎ ነው የተደበቀብኝ። የቀሩትን የ4ቱን የውስጥ ገጽ ፎቶ አንስቼ ነገ እለጥፋለሁ፣ ዋናውን ርዕስ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።