ዝርዝሩ 11ዱንም ክፍለ ከተማ በአንድ መስመር ያመጣብኛል

መዝጋቢዋ፦ ኤክሴል ላይ የደንበኞች መዝገብ አለኝ። «ክፍለ ከተማ» የሚለው አምድ ከዝርዝር ብቻ እንዲሞላ ፈልጌ ዳታ ቫሊዴሽን ከፈትኩ፤ አላው ላይ ሊስት መረጥኩ፤ ሶርስ ላይ «አራዳ፣ ቦሌ፣ የካ፣ ልደታ» እያልኩ የአዲስ አበባን 11 ክፍለ ከተሞች ጻፍኩ። ቀስቷን ስጫን ግን ሁሉም ተያይዘው አንድ ምርጫ ሆነው ይመጣሉ። ምን ስቼ ነው?

ቀመር፦ ነጠላ ሰረዟን። ኤክሴል የእኛን «፣» እንደ ተራ ፊደል ነው የሚያያት፤ በእሷ አይከፍልም። ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ቀይሪና በየስሙ መካከል ኮማ አስገቢ። ኮምፒውተሩ በጀርመን አገር አጻጻፍ የተስተካከለ ከሆነ ግን ኮማ ሳይሆን ሴሚኮለን ነው።

ባለመጋዘን፦ ኮማው ይሠራል፤ እኔ ግን እዚያ ሳጥን ውስጥ በእጅ መጻፍን አልመክርም። ከ255 ፊደል በላይ አይቀበልም፤ ስም ሲጨመርም ተመልሶ መነካካት ነው። ሌላ ሺት ላይ ኤ1 ርዕስ ይሁን፤ ስሞቹን ከኤ2 እስከ ኤ12 ወደ ታች ደርድሪ። ኮንትሮልና ቲ ተጭነሽ ቴብል አድርጊው። ሶርስ ላይ ምንም ሳትጽፊ ከኤ2 እስከ ኤ12 ያለውን በማውስ ምረጪ። 12ኛ ስም ቢመጣ ከሥር መጻፍ ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ ራሱ ይረዝማል።

መዝጋቢዋ፦ ሁለተኛውን አደረግኩ፤ ሠራ። አሁን ደግሞ ዝርዝሩ «ንፋስ ስልክ ላፍቶ» እያለ አንዱ ሴል ውስጥ «ነፋስ ስልክ» ተገኘ። እንዴት አለፈ?

ቀመር፦ ከቴሌግራም ወይም ከሌላ ፋይል ተገልብጦ ተለጥፎ ይሆናል። ደንቡ የሚፈትሸው በእጅ የሚጻፈውን ብቻ ነው። ከሌላ ሴል ኮፒ ተደርጎ ከተለጠፈማ ደንቡን ራሱን ይደመስሰዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ደንቡን መልሺ፦ ደህናውን ሴል ኮፒ፣ መላውን አምድ ከርዕሱ በታች መርጠሽ ፔስት ስፔሻል፣ ቫሊዴሽን። ቀጥሎ ከዳታ ቫሊዴሽን ጎን ባለችው ቀስት «ሰርክል ኢንቫሊድ ዳታ»ን ተጫኚ፤ ስህተቶቹን በቀይ ያከብባቸዋል። ቅደም ተከተሉን አታዛቢ፤ ደንብ የሌለው ሴል አይከበብም።

ባለመጋዘን፦ ከስሙ ኋላ የቀረች ባዶ ቦታንም ተመልከቺ። ለዓይን አትታይም፤ «ቦሌ»ን ግን በፒቮት (መረጃውን ጠቅልሎ በሚያሳየው ሠንጠረዥ) ላይ ሁለት ቦሌ ታደርገዋለች።