«ዝግጁ አይደሉም» የተባለው ማነው? የአዳማ አነስተኛ ነጋዴና የባንክ ብድር (ተሳታፊዎች በብዕር ስም የተጻጻፉት)

የፍራንኮ ልጅ፦
ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረቡ የባንክ ባለሙያ «አነስተኛ ነጋዴው ብድር የሚያጣው ገንዘብ ጠፍቶ ሳይሆን ዝግጁ ስላልሆነ ነው» አሉ። ዝግጁ ማለት የቤት ካርታ ያለው ማለት ከሆነ በግልጽ ይነገረን። እዚህ አዳማ ጋራዡ፣ ብየዳ ቤቱ፣ ዳቦ ቤቱ ስንቱ ነው በኪራይ ቤት የሚሠራው? ተከራይ ካርታ ከየት ያመጣል? አዋጅ 1147/2011 ማሽንም፣ ዕቃም፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ ሂሳብም ለብድር መያዣ ይሆናል ካለ ቆየ። የእነዚህ መያዣዎች መመዝገቢያም በብሔራዊ ባንክ ሥር ተቋቁሟል። ታዲያ ዛሬም የመጀመሪያው ጥያቄ «ካርታ አለህ?» የሆነው ለምንድነው?

ብድር ክፍል፦
አነጋገራቸው ያስከፋል፣ ነገሩ ግን አለ። ብዙ ጊዜ ዝግጁ ያልሆነው ማሽኑ ነው። የዳቦ ሊጥ ማቡኪያን እንውሰድ። ለማስመዝገብ ማሽኑን ከሌላው የሚለየው ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ ያለው ጎኑ ላይ በተመታች ትንሽ ሳህን ላይ ነው። አንዱ ጋ ሊጥ ደርቆባት አትነበብም፣ ሌላው ጋ ማሽኑ እጅ ሲቀያየር ተፍቃለች። ሞተሩ ተቀይሮ ከሆነ ደግሞ የሞተሩና የአካሉ ቁጥር ለየቅል ነው። ደረሰኝ ሲባል ከግለሰብ የተገዛበት የእጅ ጽሑፍ ይመጣል። ሻጩ ራሱ ማሽኑን ሌላ ቦታ አስይዞት ቢሆንስ? ቅድሚያ የሚያገኘው ቀድሞ ያስመዘገበ ነው። ይህ ሁሉ ታልፎ ተበዳሪው መክፈል ቢያቅተው፣ ማሽኑን ማን ይገዛዋል?

የፍራንኮ ልጅ፦
«ማን ይገዛዋል?» ያገለገለ ማቡኪያ ፈላጊ አዳማ ውስጥ ጠፍቶ ነው? ባንኩ ገዥ የሚያጣው ስለማይፈልግ ነው። ቤት ሲሆንማ ሐራጅ ማውጣት ያውቅበታል። በአዋጅ 97/1990 የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ይሸጣል።

ብድር ክፍል፦
ገዥ የለም አላልኩም፤ በስንት ይሸጣል ነው ያልኩት። ቤት በሁለት ዓመት ዋጋው ይጨምራል፣ ማቡኪያ ያልቃል። ከዚያ በላይ ደግሞ ቤት አይሸሽም። ማሽን በሌሊት አይሱዙ ላይ ተጭኖ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፤ መዝገብ ላይ ስሙ ቢኖርም ማሽኑ ግን የለም።

ደብተር ያዥ፦
«ዝግጁ» የምትለዋን ቃል እንዳትጥሏት፣ ነገሩ ያለው እሷ ላይ ነው። የሬዲዮው ባለሙያ በኋላ ሲያብራሩ «የሂሳብ መዝገብ የላቸውም» ብለዋል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው ይሄ። የግብር አዋጁ 979/2008፣ በ2017 እስኪሻሻል ድረስ፣ በዓመት ከ500,000 ብር በታች የሚሸጠውን ደረጃ ሐ (ትንሹን የግብር ከፋይ) መዝገብ ያዝ ብሎ አላስገደደም ነበር፤ በቁርጥ ግብር ነው የሚከፍለው ያለው። አንዱ ሕግ ያላስገደደውን ሰው ሌላው ቢሮ ለምን አልያዝክም ብሎ ይመልሰዋል።

ብድር ክፍል፦
እህቴ፣ ሕጉን በትክክል ነው የጠቀስሽው። ግን የግብር ግምት የመጣ ጊዜ የቀን ሽያጬ 1,500 ብር ነው ብሎ የፈረመ ሰው ለብድር ሲመጣ 8,000 ይላል። የብድር ኮሚቴው የቱን ይዞ ይወስን? 8,000ውን ቢያምን ማስረጃ የለውም፤ 1,500ውን ከያዘ ደግሞ የተጠየቀው ብድር በዚያ ገቢ አይከፈልም።

ደብተር ያዥ፦
ለዚህ ሦስተኛ መንገድ አለ። የአቅራቢ ደረሰኝ ይቆጠር። ዳቦ ቤት ከሆነ በሳምንት የገዛው የዱቄት ኩንታል ስንት ዳቦ እንደሚወጣው ይታወቃል። የመብራት ቢሉ የምድጃውን ሥራ ይናገራል። የቴሌብርና የባንክ ዝውውሩ የስድስት ወር ታትሞ ይታይ። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ሚቹ በተባለው ዲጂታል ብድሩ ያለ ንብረት መያዣ የሚያበድረው መረጃ አይቶ አይደል? ስለዚህ ይቻላል ማለት ነው። መጠኑ አነስተኛ መሆኑ፣ መመለሻ ጊዜውም ማጠሩ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለዱቄት መግዣ ይሆናል፣ ምድጃ አይገዛም።

ሽበት፦
ልጆች፣ ባንክ ባንክ ስትሉ እቁብን ረሳችሁ። 20 ሰው በሳምንት 5,000 ብር ሲጥል 100,000 ነው። መጀመሪያ የደረሰው ያለ ወለድ የ20 ሳምንት ብድር ወሰደ ማለት ነው። ካርታ የሚጠይቀው የለም፤ ዋስ ይጠራል፣ ቼክ ፈርሞ ለሰብሳቢው ይሰጣል።

የፍራንኮ ልጅ፦
ጋሼ፣ እቁብን አከብራለሁ። ግን ያ ቼክ ከካርታ ይከፋል፤ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያሳስራል። ዕጣው ደግሞ ሥራው በፈለገው ቀን አይወጣም። የቸኮለ ሰው ዕጣ ሲገዛ 100,000ውን ለማግኘት 8,000 ወይም 10,000 ለሻጩ ይለቃል። ያ ወለድ ካልሆነ ምንድነው?

ሽበት፦
ወለድ ካልክ የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማቱን አስላ እንግዲህ።

ደብተር ያዥ፦
እኔ ላስላው። 100,000 ብር፣ 18 በመቶ፣ 12 ወር። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ከታሰበ ወርሃዊ ክፍያው 9,168፣ ጠቅላላ ወለዱ ወደ 10,000 ነው። በፍላት፣ ማለትም እስከ መጨረሻው በሙሉው 100,000 ላይ፣ ከታሰበ ወርሃዊው 9,833፣ ወለዱ 18,000 ይሆናል። ውሉ ላይ ሁለቱም «18 በመቶ» ተብለው ነው የሚጻፉት። ፍላቱ በቀሪ ዕዳ ሲመነዘር ወደ 32 በመቶ ይጠጋል። በዚያ ላይ 20 በመቶ አስቀድመህ ቆጥብ ከተባለ በእጅ የሚገባው 80,000፣ ወለድ የሚከፈለው ግን በ100,000 ነው። ከመፈረም በፊት የክፍያ ሰንጠረዡ ታትሞ ይጠየቅ፤ የወለዱ ዓምድ በየወሩ ካልቀነሰ ፍላት ነው።

ወንጂ መንገድ፦
የማሽን ሊዝን ያነሳ ሰው የለም። በልማት ባንክ ሊዝ ተበዳሪው 20 በመቶ ያዋጣል፣ ማሽኑን ባንኩ ይገዛል፣ ተከፍሎ እስኪያልቅ ስሙ በባንኩ ይቆያል። ማሽኑ ራሱ መያዣ ነው።

የፍራንኮ ልጅ፦
በወረቀት ጥሩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ ግን 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 አለፈ። የ10,000 ዶላር ማሽን የ20 በመቶ መዋጮ ከ114,000 ብር ከ200,000 በላይ ሆነ። ፕሮፎርማ ይዞ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ልዩነቱን ከየት ያምጣ? ማሽኑ ቢመጣም ሼዱ ሦስት ፌዝ መብራት እስኪገባለት ክፍያ የማይጠየቅበት የእፎይታ ጊዜ ያልቃል። ለጥሬ ዕቃ መግዣ ደግሞ ሌላ ባንክ ሂድ ይባላል፤ እዚያም የሚጠየቀው ካርታ ነው።

ወንጂ መንገድ፦
መብራቱ የባንኩ ጥፋት ነው?

የፍራንኮ ልጅ፦
ጥፋት አላልኩም። ክፍያው መብራቱ ከገባበት ቀን ይጀምር ነው የምለው።

ብድር ክፍል፦
ሁላችሁም የዘለላችሁት አለ። ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ገደበ፤ ታኅሣሥ 2017 ወደ 18፣ መስከረም 2018 ደግሞ ወደ 24 ከፍ አለ። ጣሪያ ያለበት ባንክ ለአንድ አስመጪ 50 ሚሊዮን ሰጥቶ አንድ ፋይል ይከታተላል ወይስ ለ100 ዳቦ ቤት 500,000 እየሰጠ መቶ ቦታ ይዞራል? ይህን ያልቆጠረ ሰው የብድር ባለሙያውን ብቻ ይወቅሳል።

ደብተር ያዥ፦
አሁን ገና እውነቱን ተናገርክ። እንግዲያው ያልተዘጋጀው ማነው? መቶ ፋይል ለመከታተል ያልተዘጋጀው ባንኩ ነዋ!

ብድር ክፍል፦
ፋይሉን እከታተላለሁ። ማሽኑን ማን ይገዛዋል ለሚለው ግን እስካሁን መልስ የሰጠኝ የለም።

የፍራንኮ ልጅ፦
መልስ ሰጥቻለሁ፣ ወደ ላይ ሄደህ አንብበው። ባንኩ ያገለገለ ማሽን አንድ ጊዜ ሐራጅ አውጥቶ ዋጋውን ይይ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋው እንከራከራለን።