2ኤል ሞተሩ ያለቀ አሮጌ ሃይሉክስ፦ በአነስተኛ ወጪ በምን ልተካው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። መኪናው ሃይሉክስ ፒካፕ ነው፤ 2ኤል የሚባል ናፍጣ ሞተር፣ ማንዋል ካምቢዮ፣ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ። የራዲያተር ጎማው ተቀዶ ውሃው ሲፈስ ሞተሩ ከመጠን በላይ ሞቀ። አሁን ዘይቱ ነጥቶ ወፍሯል፣ ሲነሳ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ከታች በኩልም ይመታል። ሻንሲውና ካምቢዮው ደህና ስለሆኑ መጣሉን አልፈለግኩም። ሦስት አማራጭ አለኝ፦ ያለውን ማደስ፣ ያገለገለ 2ኤል መግዛት ወይም ከቫን የወረደ 3ኤል መግጠም። በወጪ በኩል የትኛው ያዋጣል?

መልስ 1

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የተበላሸው ምኑ እንደሆነ ለይ። ነጭ ጭስና የነጣ ዘይት ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ወይም ከሥሩ ያለውን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ይጠቁማሉ። ከታች የሚመታው ግን ብሮንዚን (የሞተሩ ዋና ዘንግ የሚዞርበት ማቀፊያ) ሊሆን ስለሚችል ሂሳቡን የሚቀይረው እሱ ነው። ከእንግዲህ አታስነሳው፤ ውሃ የተቀላቀለበት ዘይት ክራንክሻፍቱን (ዋናውን ዘንግ) ይበላዋል።

ዘይቱን አፍስሰህ ፊልትሮውን ክፈተው። በመጋዝ አትቁረጠው፣ መጋዙ ራሱ ብናኝ ይጨምርበታል፤ በቆርቆሮ መቀስ ይሁን። ወረቀቱን ዘርግተህ በፀሐይ ስታየው መዳብማ ወይም ብርማ ብልጭታ ካለ ብሮንዚኑ ተበልቷል። ከዚያ ኮፓውን (ከታች ያለውን የዘይት መያዣ) አውርደህ የአንዱን ፒስተን ክንድ ካፕ ፍታና ክራንክሻፍቱ ላይ ጥፍርህን አስኪድ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ክራንክሻፍቱ ወጥቶ፣ በማሽን 0.25 ሚሊሜትር ተልጎ፣ በዚያው ልክ የወፈረ ብሮንዚን ያስፈልገዋል። ያ ማለት ሙሉ እድሳት ነው።

ብሮንዚኑ ደህና ከሆነ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ አየር የሚያምቁበትን ግፊት) ለካ። ካንዴሌታዎቹን (የማሞቂያ ሻማዎቹን) በሙሉ አውጣ፣ የፖምፓውን ናፍጣ መዝጊያ ሽቦ ንቀል፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን። በስታርተር ስታዞረው ውሃ የሚረጨው ሲሊንደር የቱ እንደሆነም ታያለህ። ለዚህ ሞተር ጤነኛው ልክ በስኩዌር ሴንቲሜትር 32 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ዝቅተኛው 20፣ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ከ5 መብለጥ የለበትም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ ብቻ ከወረዱ ጓርኒሲዮኑ በመካከላቸው ተቃጥሏል።

የታችኛው ክፍል ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ከሁሉም የሚረክሰው ቴስታታውን ብቻ መቀየር ነው። ፊቱ ከ0.20 ሚሊሜትር በላይ ከተጣመመ ወይም በቫልቮቹ መካከል ከተሰነጠቀ አታስበይደው፤ ሌላ ቴስታታ ፈልግ። ጓርኒሲዮኑ በተለያየ ውፍረት ስለሚመጣ ፒስተኖቹ ከብሎኩ ፊት ምን ያህል ብቅ እንደሚሉ ተለክቶ ነው የሚመረጠው። በግምት የተገዛ ቀጭን ጓርኒሲዮን ፒስተኑን ከቴስታታው ጋር ያጋጨዋል።

መልስ 2

ክራንክሻፍቱ ከተበላ እኔ ያገለገለ ሙሉ ሞተር እመርጣለሁ። ማደስ መጀመሪያ የሚነገረው ዋጋ ላይ አይቆምም፤ ፒስተን፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ የዘይት ፖምፓና የማሽን ቤት ሥራ እየተከታተሉ ይመጣሉ። ያገለገለ ሞተር ጥሩ ዋጋ የሚኖረው ግን በደንብ ከተመረመረ ብቻ ነው።

2ኤሉና 3ኤሉ የአንድ ቤተሰብ ሞተሮች ናቸው። የመጀመሪያው 92 ሚሊሜትር ሲሊንደር ያለው 2446 ሲሲ፣ ሁለተኛው 96 ሚሊሜትር ሲሊንደር ያለው 2779 ሲሲ ነው። ካምቢዮህ 3ኤሉን ይቀበለዋል፤ የናፍጣው ፖምፓም ሜካኒካል ከሆነ ሽቦው አያስቸግርም። ትንሽ ጉልበት ስለሚጨምር ተመሳሳይ ዋጋ ከተጠራ 3ኤሉን ውሰድ።

ከቫን የወረደ መሆኑ ግን ሥራ አለው። የቫኑ ኮፓ፣ የሞተር መያዣ እግሮቹና አንዳንዴም የአየር ማኒፎልዱ ከፒካፑ ይለያሉ፤ ስለዚህ አሮጌውን ሞተርህን ሁሉም ነገር ሳይገጠም እንዳትሸጠው። ኮፓውን ስታዛውር ከውስጥ ያለውን የዘይት መምጠጫ ቱቦም አብረህ አዛውር። እዚህ ላይ ብዙ ሞተር ይጠፋል። ኮፓው የፒካፕ፣ መምጠጫው የቫን ሆኖ ከቀረ ጫፉ ዘይቱ ከተጠራቀመበት ጉድጓድ ውጪ ይውላል። ሜዳ ላይ ይሠራል፤ ዳገት ላይ ወይም ፍሬን ሲያዝ አየር ይስብና ብሮንዚኑን ያቃጥላል።

ስትገዛ ቀዝቃዛውን አስነሳልኝ በል። የዘይት መክደኛው ተከፍቶ ጭስ በኃይል የሚተፋ ከሆነ ፋሻው ደክሟል። ሞተሩ መሬት ላይ ከሆነና ማስነሳት ካልተቻለ ካንዴሌታዎቹን አስወጣ፣ በክራንክሻፍቱ ቡሎን ሁለት ሙሉ ዙር አዙር፤ የትም ቦታ መንካት ወይም መያዝ የለበትም። በቴርሞስታቱ በኩል የውሃውን መንገድ ተመልከት፣ ወፍራም ዝገት ካለ ተወው። የብሎኩ ቁጥር ያልተፋቀና ሰነድ ያለው ይሁን፤ በመኪናው መዝገብ ላይም አዲሱን ቁጥር ማስቀየር አለብህ። ከገጠምከው በኋላ ለመሞከሪያ የሚበቃ ዋስትና በጽሑፍ ተቀበል።

ጠያቂው

አመሰግናለሁ። ፊልትሮው ውስጥ መዳብ ሞልቷል፣ ክራንክሻፍቱም ተጭሯል። 3ኤሉን ልወስድ ነው። ከመጫኑ በፊት የግድ መቀየር ያለበትና ሊተው የሚችለው የቱ ነው?

መልስ 3

ሞተሩ መሬት ላይ እያለ ያለ ማመንታት የምትቀይረው፦ ታይሚንግ ቺንጋው (ቫልቮቹን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያናብበው ቀበቶ) እና መወጠሪያው፣ የውሃ ፖምፓው፣ ቴርሞስታቱ፣ የፊትና የኋላ ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃ ቀለበት)። ሻጩ ቺንጋው አዲስ ነው ቢልህም ቀይረው፤ በዚህ ሞተር ላይ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ። መቀየሪያው በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ነው። ኖዝሎቹ (ናፍጣ የሚረጩት) መሞከሪያ ላይ ታይተው ደህና ከሆኑ ይቆዩ። ዲናሞው ከኋላው የፍሬን ቫኪዩም ፖምፓ አለው፤ የተሻለውን መርጠህ ግጠም።

ፍሪሲዮኑን ዲስኩ ከሳሳ አሁን ቀይር። ሞተሩ ከአውቶማቲክ መኪና የወረደ ከሆነ ክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለው ትንሹ ኩሽኔታ ላይኖር ይችላል፤ ካምቢዮው ያለ እሱ አይገጠምም። ቮላኖህንም (ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበትን ከባድ ክብ ብረት) ከነራሱ ቡሎኖች አዛውር፣ የአውቶማቲኩ ቡሎን ርዝመቱ ይለያል።

ሲገጠም ሞተሩና ካምቢዮው በእጅ ግፊት ብቻ መገናኘት አለባቸው። ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከቀረ በቡሎን እየጎተትክ አታስጠጋው፤ የፍሪሲዮን ዲስኩ መሃል አልያዘም ማለት ነው፣ የካምቢዮው ጆሮ ይሰበራል። የመሪና የኤሲ ፖምፓዎችን ቱቦ ሳትፈታ ወደ ጎን እሰራቸው።

ራዲያተሩን ሳታስጠርግ አዲስ ሞተር አታስነሳ። ያንን 2ኤል የገደለው ሙቀት ነው፤ የውሃ ጎማዎቹን በሙሉ ቀይር፣ ክዳኑን አዲስ አድርግ፣ የፋኑን ፍሪሲዮን ፈትሽ። የድሮውን ሞተር የዘይት ማቀዝቀዣ ወደ አዲሱ አታምጣ፣ የመዳብ ብናኙ እዚያ ውስጥ ተደብቋል።

መጀመሪያ ስታስነሳ የናፍጣ መዝጊያውን ሽቦ ንቀልና የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ በስታርተር 10 ሰከንድ እያዞርክ መሃል ላይ እረፍ። ከዚያ ሽቦውን መልስ፣ በፊልትሮው ላይ ባለው የእጅ ፖምፓ አየሩን አስወጣ፣ አስነሳው። የማሞቂያውን ማዞሪያ ሙቅ ላይ አድርገህ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ውሃ ጨምር፤ የላይኛው ጎማ ሲሞቅ ተከፍቷል። ዘይቱንና ፊልትሮውን 1,000 ኪሎ ሜትር ላይ ቀይርና ፊልትሮውን እንደበፊቱ ቀደህ እየው፤ ዋስትናህ ሳያልቅ ይሁን።