ማውሱ ሊሞት ነው፣ ባለጉዳይ ተሰልፏል፤ ፋይሎቼን በኪቦርድ ብቻ እንዴት ላስተካክል?

የፒያሳዋ ጸሐፊ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ፒያሳ አንድ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ማመልከቻ እንጽፋለን፣ ውል እናዘጋጃለን፣ የትምህርት ማስረጃ ስካን እናደርጋለን፣ ጉርድ ፎቶ እናወጣለን። ኮምፒውተራችን ዊንዶውስ 10 ነው።

ችግሬ ሁለት ነው። ማውሱ አንዴ ስጫነው ሁለቴ ይቆጥራል፤ ፋይል ልጎትት ስል መንገድ ላይ ይጥለውና የትኛው ፎልደር ውስጥ እንደገባ አላውቅም። (ባለቤቱ "ሰኞ እገዛለሁ" ካሉ ስንት ሰኞ አለፈ!) ሁለተኛው ደግሞ የኔው ጥፋት ነው። ዴስክቶፑ ላይ የጀርባው ስዕል እስከማይታይ ድረስ ፋይል ተከምሯል። ስካነሩ ለሁሉም የራሱን ቁጥር ይሰጣል፤ እኔም ሰው ሲበዛብኝ "ውል"፣ "ውል አዲስ"፣ "ውል አዲስ የመጨረሻ" እያልኩ ሴቭ አደርጋለሁ። ትናንት አንድ አባት ሰኔ ላይ ያጻፉትን የኪራይ ውል ፈልጊልኝ ብለው መጡ። ግማሽ ሰዓት አቁሜያቸው አጣሁት። "ልጄ፣ እንደገና በእጅ ብንጽፈው እስካሁን ያልቅ ነበር" ብለውኝ ሄዱ።

ኮንትሮል ሲ እና ኮንትሮል ቪ አውቃለሁ። ከዚያ ያለፈውን ንገሩኝ።

የኮምቦልቻው ስቶር ጠባቂ፦
አብሽሪ እህቴ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ስቶር ነው የምሠራው፣ የገቢና የወጪ ደረሰኝ ስካን እያደረግኩ ስለምውል እጄ ከኪቦርድ አይነሳም። በምትሠሪበት ቅደም ተከተል ልንገርሽ።

የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከኢ ጋር ተጫኚ፣ የፋይሎቹ መስኮት ይከፈታል። የምትፈልጊው ቦታ ስትደርሺ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤን አንድ ላይ፤ አዲስ ፎልደር ይፈጠራል፣ ስሙን ጻፊና ኢንተር። ፎልደር ውስጥ ለመግባት ኢንተር ነው። አንድ ደረጃ ወደ ላይ ለመውጣት አልትን ከላዩ ቀስት ጋር፣ ወደነበርሽበት ለመመለስ አልትን ከግራው ቀስት ጋር ተጫኚ።

ብዙ ሰው የሚቸገረው መምረጥ ላይ ነው። ፋይሎቹ ተከታትለው ከተቀመጡ ሺፍትን ይዘሽ በቀስት መውረድ ነው። እዚህም እዚያም ከተበተኑ ግን ኮንትሮልን ሳትለቂ በቀስት ሂጂና የምትፈልጊው ላይ ስትደርሺ ስፔስ ተጫኚ፤ ያ ይያዛል፣ ሌላው አይነካም። ሁሉንም ለመያዝ ኮንትሮል ኤ። ከዚያ ኮንትሮል ኤክስ፣ ወደ አዲሱ ፎልደር መግባት፣ ኮንትሮል ቪ። ተሳሳትኩ ብለሽ ከደነገጥሽ ኮንትሮል ዜድ፤ ያዘዋወርሽውንም፣ ስም የቀየርሽውንም ይመልስልሻል። ማውሱ መንገድ ላይ የጣለውን ፋይልም ወዲያው ኮንትሮል ዜድ ብትዪ ኖሮ ወደ ቦታው ይመለስ ነበር።

ለስካኖችሽ ደግሞ ኤፍ 2 ናት ዋናዋ። ፋይሉ ላይ ቆመሽ ኤፍ 2፣ አዲሱን ስም ጻፊ፣ ከዚያ ኢንተር ሳይሆን ታብ። የሚቀጥለው ፋይል ራሱ ስሙን ከፍቶ ይጠብቅሻል። እየጻፍሽ፣ ታብ እያልሽ፣ 40 ፋይል ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ሁሉም የአንድ ሰው ሰነድ ከሆነ ደግሞ ሆም ተጭነሽ መጀመሪያው ላይ ቁሚ፣ ኮንትሮል ኤ፣ ኤፍ 2፣ ስሙን አንዴ ጻፊና ኢንተር። ሁሉም ያን ስም ይይዙና በቅንፍ 1፣ 2፣ 3 እያለ ራሱ ይቆጥራቸዋል።

ቸኳዩ፦
ይሄን ሁሉ ምን አደከመሽ? ኮንትሮል ኤ፣ ከዚያ ሺፍትና ዴሊት። ዴስክቶፕሽ እንደ ጦሳ ተራራ አናት ነፋስ ይነፍስበታል 😂

ከሆጤ፦
ኧረ በአላህ! እህቴ፣ እንዳትሰሚው። ሺፍትና ዴሊት ማለት ሪሳይክል ቢን ሳይገባ ይጥፋ ማለት ነው። ዴሊት ብቻውን ከሆነ ቢያንስ ከቢኑ ታወጪዋለሽ። ፍላሽ ላይ ያለ ፋይል ግን ተራው ዴሊትም ቢሆን ቢን አይገባም፣ በዚያው ይሄዳል። እኔ ይህን የተማርኩት የእህቴን የኒካሕ ፎቶ ከፍላሽ ላይ አጥፍቼ ነው። ሳምንት ሙሉ ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ እኔን የሚጠራኝ አልነበረም።

የጊቢ ተማሪ፦
እኔ ላፕቶፕ ላይ ኤፍ 2 ስጫን ስክሪኑ ይደበዝዛል እንጂ ስም አይቀይርም። ለምንድነው?

የኮምቦልቻው ስቶር ጠባቂ፦
ብዙ ላፕቶፕ ላይ የላይኞቹ ቁልፎች ለድምፅና ለብርሃን ተሰጥተዋል። ከታች በግራ በኩል ኤፍ ኤን የሚል ቁልፍ አለ፣ እሱን ይዘህ ኤፍ 2 ተጫን። አንዳንዱ ላይ ኤፍ ኤንን ከኢስኬፕ ጋር አንዴ ስትጫን እዚያው ይቆለፋል፣ ከዚያ በኋላ ኤፍ 2 ብቻውን ይሠራል።

የጊቢ ተማሪ፦
ሠራ፣ እናመሰግናለን! እኔም ባዶ እጄን አልሄድም። ጸሐፊዋ፣ የዊንዶውስ ቁልፍን ከቪ ጋር ሞክሪው። መጀመሪያ ላይ ላብራው ወይ ብሎ ይጠይቅሻል፣ እሺ በይው። ከዚያ ኮፒ ያደረግሻቸውን እስከ 25 የሚደርሱ ነገሮች በዝርዝር ይይዝልሻል። ማመልከቻ ላይ ቀበሌውን፣ ስልኩን፣ አርእስቱን እየተመላለስሽ ኮፒ ማድረግ ይቀርልሻል።

ከርእስ ወጣሁ እንዳትሉኝ እንጂ፣ ይሄን ኮፒ፣ ከት፣ ፔስት የሚባለውን በ1970ዎቹ ከፈጠሩት አንዱ ላሪ ቴስለር የሚባል ሰው ነው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ነው ያረፈው። ሥራውን የሠራውም በዜሮክስ የምርምር ማእከል ውስጥ ነበር። ያው የፎቶ ኮፒው ዜሮክስ! የእናንተ ቤት ዘመድ ነው ማለት ነው።

ጡረተኛዋ፦
ልጄ፣ ቁልፎቹን ልጆቹ ነግረውሻል። እኔ ስለ ስሙ ልንገርሽ። ከታይፕ ጀምሬ መዝገብ ቤት ነው ያረጀሁት። ፋይል የሚጠፋው መደርደሪያ ጠቦ አይደለም፣ ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ምንም የማይናገር ሲሆን ነው። "ውል አዲስ የመጨረሻ" ያልሽው በሦስተኛው ወር አዲስም የመጨረሻም አይደለም።

ቀኑን አስቀድሚ፣ ከቀኑም ዓመቱን፣ ቀጥሎ ወሩን። 2017-10-04 ኪራይ፣ ከዚያ የባለጉዳዩ ስም። እንደለመድነው 4/10/2017 ልበል ብትዪ ዊንዶውሱ እዝባሩን አይቀበልሽም። እዝባር፣ የፈረንጁ ሁለት ነጥብ፣ ኮከብ፣ የጥያቄ ምልክትና የፈረንጁ ጥቅስ በፋይል ስም ውስጥ ክልክል ናቸው፤ ጭረት ይፈቀዳል። ዓመቱን ከፊት አድርጊ የምልሽ ለጌጥ አይደለም። ቀኑን ካስቀደምሽ መስከረም 4 እና ሰኔ 4 ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ መስከረም 4 እና መስከረም 5 ይራራቃሉ። ዓመት፣ ወር፣ ቀን ስትዪ ግን ሁሉም በየተራው ይሰለፋል። ጳጉሜንም 13 በያት፣ ኮምፒውተሩ 13ኛ ወር የለም ብሎ አይከራከርሽም፣ ለእሱ ቁጥር ናት። በዝርዝሩ ላይ እሱ ራሱ የሚያሳይሽን ቀን አትመኚ፣ የፈረንጅ ነው። ባለጉዳይ "ሰኔ" ሲልሽ ጁን ነው ጁላይ እያልሽ በጣት መቁጠር ነው።

ሌላው ፊደሉ ነው። ኮንትሮል ኤፍ ተጭነሽ ስትፈልጊ፣ ለኮምፒውተሩ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ ሦስት ባዕዳን ናቸው። ሰይድን በንጉሡ ሠ ጽፈሽ አስቀምጠሽ በእሳቱ ሰ ብትፈልጊ "የለም" ይልሻል። እኛ በወረቀት ስናነብ ዐይናችን ያስተካክለው ነበር፣ ይሄ አያስተካክልም። አንድ ወረቀት ላይ "በዚህ ቤት ሰይድ በእሳቱ ሰ፣ ዓሊ በዐይኑ ዐ" ብለሽ ጻፊና ከስክሪኑ ጎን ለጥፊ። የምትተኪሽ ልጅም ታንብበው።

የኮምቦልቻው ስቶር ጠባቂ፦
እትዬ፣ እኔም ዛሬ ተማርኩ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በድሮው የግዕዝ ሶፍትዌር የተጻፈ ሰነድ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የዛሬው አሠራር) ካልሆነ፣ እኛ አማርኛ ብናየውም ውስጡ ለኮምፒውተሩ የላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ በውስጡ ባለው ቃል ፈልገሽ አታገኚውም፣ የፋይሉ ስም ነው የሚያድንሽ። ስሙ በቁጥር ሲጀምር ሌላም ጥቅም አለው፤ ፎልደሩ ውስጥ ቆመሽ 2017 ብለሽ ቶሎ ብትጽፊ የመጀመሪያው የ2017 ፋይል ላይ ይዘልልሻል፣ ኪቦርዱን ወደ አማርኛ መቀየር ሳያስፈልግሽ።

የፒያሳዋ ጸሐፊ፦
አጀብ ነው! እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ። አሁኑኑ ፈለግሁት። የአባትየው ስም ሰይድ ነው፣ እኔ በንጉሡ ሠ ጽፌው ኖሯል። በአንድ ሰከንድ ወጣ። ደወልኩላቸው፣ ነገ ከዙሁር በኋላ እመጣለሁ አሉኝ። "ብድሩን ቡና ትጋብዢኛለሽ" ብለዋል።

የስካኑን ፎልደር በኤፍ 2 እና በታብ ጨርሻለሁ። ዴስክቶፑ ላይ ያለው ግን ገና ግማሹ ነው። አሁን ደግሞ የ2016ቱን በሙሉ ወደ ፍላሽ አውጥቼ ከዚህ ልገላገለው አስቤ ነበር። ከት አድርጌ ፔስት ልበለው? መብራቱ እንደምታውቁት ነው፣ መጣ ሄደ ይላል።

ከሆጤ፦
ከት አይደለም!

የኮምቦልቻው ስቶር ጠባቂ፦
ልክ ነው፣ ከት አታድርጊ። ወደ ሌላ ዲስክ ከት ስታደርጊ ኮምፒውተሩ እየገለበጠ ከዚህኛው ያጠፋል፤ መሀል ላይ መብራት ከሄደ ግማሹ እዚያ፣ ግማሹ እዚህ፣ አንዱ ደግሞ ፍላሹ ላይ የማይከፈት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ኮንትሮል ሲ፣ ፍላሹ ላይ ኮንትሮል ቪ። ሲያልቅ ሁለቱም ፎልደር ላይ በየተራ አልትና ኢንተር ተጫኚ፣ መጠኑንና የፋይሉን ብዛት ያሳይሻል። ከተመሳሰሉ ሦስት አራቱን ፍላሹ ላይ ከፍተሽ እዪ። ከዚያ ፍላሹን "ኢጀክት" ብለሽ አውጪው፣ ዝም ብለሽ አትንቀዪው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የምታጠፊው በማግስቱ ነው፣ እሱንም በተራው ዴሊት። አንድ ፍላሽ ላይ ብቻ ያለ ውል ደግሞ እንዳለ አትቁጠሪው፣ ሁለት ፍላሽ ላይ አድርጊው፤ አንዱ ከባለቤቱ ቤት ይቀመጥ።

ማውሱን በተመለከተ፣ አንዴ ስትጫኚ ሁለቴ የሚቆጥረው ከግራው ቁልፍ ሥር ያለችው ትንሿ ስዊች አልቃ ነው። ማጽዳት ብዙም አያድናትም። ሰኞን ጠይቂ።